ስልኩ ሲጠራ የተጻፈው የት ይገባል?

የሞባይል ሶፍትዌር መሥራት ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

አራት ኪሎ ከቢሮዬ ወርጄ ማኪያቶ የምጠጣበት ካፌ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍታችሁ ስትሠሩ አያችኋለሁ። ጠጋ ስላችሁ ጥያቄያችሁ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ በምን እንጀምር? ኮትሊን ይሻላል ፍላተር?»

በእጃችሁ ያለው አንድሮይድ ከሆነ ኮትሊን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጀምሩ። አንዱን ኮድ ለአይፎንም ማዋል ካማራችሁ ፍላተር የሚባለው የአፕ መሥሪያ ጥሩ ነው። በዚህ ግን ብዙ አትጨቃጨቁ። እኔ ስጀምር በጃቫ ቋንቋ የምጽፈው ለባለ ቁልፍ ኖኪያ ነበር፤ አንዳንዱ ስልክ ከ64 ኪሎባይት በላይ የሆነ ፕሮግራም አይጭንም። በፈረንጆቹ 2007 አይፎን፣ በ2008 የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ገበያ ላይ ዋለ፤ ብዙም ሳይቆይ ያ ሁሉ ልፋቴ ፈላጊ አጣ። ጃቫው ግን አንድሮይድ ላይ እንጀራ ሆነኝ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እዚሁ ሰፈር ሱቅ ላላቸው አንዲት እናት የዱቤ መመዝገቢያ አፕ ሠርቼላቸው ነበር። እኔ ስልክ ላይ እንከን አልነበረውም። በሦስተኛው ቀን ደውለው «ልጄ፣ የጻፍኩት የት ገባ?» አሉኝ። ሄጄ ባንኮኒው ጥግ ቆምኩ። ሁለት ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሊትር ዘይት ጻፉ። ስልኩ ጠራ፣ አወሩ። የሌላ ደንበኛ ክፍያ በቴሌብር መግባቱን አዩ። ወደ አፑ ሲመለሱ ገጹ ባዶ ነው። ምንም ሳይሉ ከመሳቢያው ደብተራቸውን አወጡ፤ እስክሪብቶው በክር ታስሮበታል።

ጥፋቱ የኔ ነበር። የስልካቸው ሜሞሪ፣ ማለትም አፕ ሲሠራ ሥራውን ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ (ራም)፣ ትንሽ ነው። አንድሮይድ ደግሞ ቦታ ሲጠበው ከኋላ የቀረውን አፕ ይዘጋዋል፤ ይህ የአሠራሩ ደንብ እንጂ ብልሽት አይደለም። እኔ «መዝግብ» የሚለው እስኪነካ ድረስ ጽሑፉን ሜሞሪ ላይ ብቻ ነበር የያዝኩት፤ አፑ ሲዘጋ አብሮ ጠፋ።

እንደገና ስጽፈው እያንዳንዱ መስመር እንደተጻፈ ኤስኪውላይት በሚባለው፣ አፑ ቢዘጋም በማይጠፋው የስልኩ ዳታቤዝ እንዲቀመጥ አደረግሁ። ኔትወርክ ሲገኝ ወደ ሰርቨር፣ መዝገቡን ወደሚቀበለው ሌላ ኮምፒውተር፣ ይላካል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ ኔትወርክ መሃል ላይ ሲቋረጥ አፑ ያንኑ መዝገብ ደግሞ ይልካል። ለእያንዳንዱ መዝገብ ስልኩ ላይ እያለ የራሱን መለያ ቁጥር ካልሰጣችሁት ሰርቨሩ ድጋሚ የተላከ መሆኑን አያውቅም፤ የሰው ዕዳ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። በሰው ዕዳ መሳሳት ቀላል ነገር አይደለም፤ ጎረቤት ያጣላል።

ስለዚህ አፓችሁን በራሳችሁ አዲስ ስልክ ብቻ አትፈትኑት። ከቤተሰብ አሮጌ ስልክ ተዋሱ። ፎርሙን ግማሽ ድረስ ሙሉና ጓደኛችሁ ይደውልላችሁ፤ የኢንተርኔት ዳታውን ዝጉ፣ ስክሪኑን አዙሩ። አንድሮይድ ላይ ለፕሮግራመሮች በተዘጋጀው ሴቲንግ ውስጥ፣ ከአንድ ገጽ በወጣችሁ ቁጥር ገጹን ወዲያው የሚያጠፋ ማብሪያ አለ። እሱን አብርታችሁ አንድ ቀን ሙሉ ሥሩበት።

አዲሱን አፕ የወሰድኩላቸው ቀንም ባንኮኒው ጥግ ቆሜ ነበር። ስኳሩን ጻፉ፣ ስልክ ተደወለላቸው፣ አውርተው ተመለሱ። ስኳሩ እንዳለ ነው። ዘይቱን ቀጠሉ። ደብተሩን ግን አልጣሉትም፤ ዛሬም መሳቢያው ውስጥ ነው።