የ100 ብር ሾርባ 4 ብር ሲሆን

ከሐዋሳ አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልኛል።

«ሰላም ጋሼ። አሞራ ገደል አካባቢ ላለ ዓሣ ቤት በጃቫስክሪፕት ሜኑ እየሠራሁ ነው። ዋጋው ከኤክሴል በጽሑፍ ይመጣል። ሦስት ፈንክሽን አለኝ። አንዱ ‹ብር› የሚለውንና ኮማውን ያጠፋል፣ አንዱ ወደ ቁጥር ይቀይራል፣ አንዱ 15 በመቶ ቫት ይጨምራል። ለየብቻ ስሞክራቸው አንደኛ ናቸው። ዝርዝሩ ላይ በማፕ (ፈንክሽንን ለእያንዳንዱ ዋጋ ተራ በተራ በሚጠራው) ሳስኬዳቸው ግን የ300 ብሩ ጥብስ ትክክል ይወጣል፣ የ250ው ጉላሽ ‹ናን› (ቁጥር አይደለም) ይላል፣ የ100 ብሩ ሾርባ ቫቱ ሳይጨመር 4 ብር ይሆናል። ዋጋ ያልተሞላለት ምግብ ሲገኝማ ጭራሽ ይቆማል። ኮዱ ኢፍ በኢፍ ሆነብኝ። ምን ይሻለኛል?»

መጀመሪያ ሾርባው። ማፕ ፈንክሽንህን ሲጠራ ዋጋውን ብቻ አይደለም የሚያቀብለው። ከ0 የሚጀምረውን ተራ ቁጥሩንና ዝርዝሩንም ይጨምርለታል። ጽሑፉን ወደ ቁጥር የሚቀይርልህ ፓርስኢንት ደግሞ ሁለተኛ ነገር ከተሰጠው ቤዝ (ቁጥሩ በስንት በስንት እንደሚቆጠር) ነው ብሎ ይወስደዋል። ለጥብሱ የደረሰው 0 ነው፤ እሱን እንዳልተሰጠ ቆጥሮ በ10 አነበበ። ለጉላሹ 1 ደረሰው፤ ቤዝ 1ን ስለማይቀበል ናን አለ። ለሾርባው 2 ደረሰው፤ 100 በባይነሪ (በቤዝ 2) ደግሞ 4 ነው። አንድ ነገር ብቻ በሚቀበል ፈንክሽን ጠቅልለው፣ ቤዙንም 10 ብለህ ራስህ ጻፍለት።

አሁን ሦስቱን ፈንክሽኖች አያይዞ መደርደሩ ይቀላል። ጃቫስክሪፕት የእኛን ፊደል ለስም ይቀበላል። ለሥራ አልመክርህም፣ ለማስረዳት ግን ይመቻል፦

ደርድር = (ሀ, ለ, ሐ) => ዋጋ => ሐ(ለ(ሀ(ዋጋ)))

ፈንክሽን ተቀብሎ ፈንክሽን ይመልሳል። ደርድር(አጽዳ, ቁጥር, ቫት) ብለህ በሥራው ቅደም ተከተል ታነበዋለህ። እንዲህ የሚደረድረው ፈንክሽን ኮምፖዝ ሲባል ብዙ ጊዜ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚሄደው። እኔ ያደናግረኛል፣ ከግራ የሚጀምረውን ፓይፕ እመርጣለሁ።

ባዶውን ዋጋ በሊፍት እንፈታዋለን። የመኪናው ሊፍት አይደለም። አንድ ዋጋ ብቻ የሚያውቅን ፈንክሽን፣ ውስጡን ሳትነካ፣ ሊጎድል የሚችል ዋጋም እንዲችል ማድረግ ነው፦

ካለ = ሥራ => ዋጋ => ዋጋ == ባዶ ? ባዶ : ሥራ(ዋጋ)

ባዶ ያልኩት ነልን፣ ማለትም በጃቫስክሪፕት ‹ዋጋ የለም› የሚባልበትን ነው። ኢፎችህ በሙሉ እዚህ አንድ መስመር ውስጥ ገቡ።

እዚህ ጋ ግን ብዙ ሰው ይሸወዳል፤ እኔም ተሸውጃለሁ። ሦስቱን ደርድሮ ውጤቱን በአንድ ካለ መጠቅለል ያምራል። ኤክሴሉ ላይ አምባዛ «እንደ ገበያው» ተብሎ ቢጻፍስ? ቁጥር የሚለው ፈንክሽንህ ማንበብ ሲያቅተው ባዶ ይመልስ እንበል፤ እንደዚያ እንዲሆን እመክርሃለሁ። የውጪው ካለ ጽሑፉን አይቶ አሳልፎታል። ባዶው የተፈጠረው መሃል ላይ ነው፣ ቀጥሎ ያለው ቫት ደግሞ ጥበቃ የለውም። ነል በ1.15 ሲባዛ ጃቫስክሪፕት ስህተት አይልህም፣ 0 ይሰጥሃል። አምባዛ በነጻ! ስለዚህ እያንዳንዱን ለብቻው ሊፍት አድርገህ ከዚያ ደርድር፦

አንዱ = ደርድር(ካለ(አጽዳ), ካለ(ቁጥር), ካለ(ቫት))

ሃስኬል በሚባለው ቋንቋ ብትሠራ ቁጥር ራሱ ሜይቢ (ዋጋ ሊኖረውም ላይኖረውም የሚችል ሳጥን) ስለሚመልስ፣ የእዚያው ሊፍት ኤፍማፕ ሳጥን በሳጥን ያደርግብህ ነበር። እዚያ ሳጥኑን የማይደራርበው ባይንድ ያስፈልጋል። ነል ግን አይደራረብም፣ ለዚህ ሥራ ይበቃሃል።

የቀረው ዝርዝሩ ነው። ማፕም ሊፍት ነው፤ ለአንድ የሠራኸውን ለሁሉም ያደርገዋል። ማፕ የሚያደርግልህን ፈንክሽን ለሁሉም ብለው፤ ለሁሉም(አንዱ) አንዴ ይበቃል፣ ሦስቴ ማፕ ማድረግ አያስፈልግህም። ካለ(ለሁሉም(...)) ብለህ ብትገለብጠው ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ የምትጠብቀው ዝርዝሩ ራሱ ሳይመጣ ሲቀር ነው፤ ውስጡ ያለው ባዶ ዋጋ እንደ ድሮው ያቆምሃል። ኤክሴሉ ሳይከፈት የሚቀርበት ቀን ካለ ሁለቱንም ተጠቀም።

ሜኑውን ለባለቤቱ ከማሳየትህ በፊት «1,200 ብር»፣ ባዶ ሴል እና «እንደ ገበያው» አስገብተህ ሞክር። ኮማው ካልጠፋ ፓርስኢንት 1 ላይ ያቆማል። ባዶ ሆኖ የወጣው ምግብ ላይ ደግሞ «አስተናጋጅ ይጠይቁ» ብለህ ጻፍ።