ዱባይ የተወለደች ልጅ ወረቀት

ጥያቄ፦ እኔም ባለቤቴም በኢትዮጵያ ፓስፖርት ዱባይ እንኖራለን። ሴት ልጅ ከወለድን ሁለት ወር ሊሆነን ነው፤ በእጃችን ያለው ግን የሆስፒታሉ ወረቀት ብቻ ነው። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ! ሆስፒታሉ የሰጣችሁ የመወለድ ማሳወቂያ ነው፤ እሱን ይዛችሁ መጀመሪያ የአገሩን የልደት ምስክር ወረቀት አውጡ። የተረጋገጠ የጋብቻ ሰነዳችሁንና የሁለታችሁን ፓስፖርት ያዙ። ከዚያ በኤምሬትስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጡና ወደ ኢትዮጵያ ቆንስላ ሂዱ።

ጊዜው አጭር ነው። በአዋጅ 760/2004 ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ ነው። የኤምሬትስ የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ በ120 ቀን ውስጥ መውጣት አለበት፤ ካለፈ ቅጣቱ በየቀኑ ይቆጥራል። ፈቃዱ ያለ ፓስፖርት ስለማይወጣ የፓስፖርቱን ማመልከቻ ለነገ አትበሉ።

ብዙ ቤተሰብ የሚጉላላው በስም ነው። የአባትና የአያት ስም በላቲን ፊደል የሚጻፈው አባትየው ፓስፖርት ላይ እንዳለው ይሁን፤ አንዲት ፊደል ብትለይ ልጅቷን የሌላ ሰው ልጅ ታስመስላለች። እባካችሁ ከመስኮቱ ሳትርቁ ደጋግማችሁ አንብቡት፤ ከታተመ በኋላ ማሳረሙ አድካሚ ነው። የትውልድ ቀኑም ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ በአንድ ቀን ሊሳሳት ይችላል፦ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው በፈረንጆቹ እንደ ወትሮው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን ሴፕቴምበር 12 ነበር።

ስለ ዜግነቷ አትጨነቁ። በአዋጅ 378/1996 ከወላጆቿ አንዱ ኢትዮጵያዊ መሆኑ ይበቃል። ኤምሬትስ እዚያ ስለተወለደች ብቻ ዜግነት ስለማይሰጥ፣ ይህን የምታረጋግጥበት ወረቀት ከእናንተ ነው የሚጠበቀው።