የኩላሊትና የልብ ድካም፦ ከኮምቦልቻ ስለ አባቷ ለጠየቀችው እህት

እህቴ አብሽሪ። አባትሽ ኩላሊታቸው ደክሟል ተብለው ክትትል ላይ ሳሉ ልባቸውም አብጧል መባሉ፣ የማይገናኝ ሌላ በሽታ መጣባቸው ማለት አይደለም። ኩላሊት ጨውና ውሃ ማስወጣት ሲያቅተው ደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይበዛል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ልብ ያንን ግፊት አሸንፎ ለመርጨት ሲታገል የግራው ግድግዳ ይወፍራል፣ ውሎ አድሮ ይደክማል። የደከመ ልብ ደግሞ ለኩላሊት በቂ ደም አይልክም፤ ወደ ኋላ የሚጠራቀመው ደምም ኩላሊቱን ያፍነዋል።

ያሳሰበኝ «ክሪያቲኒኑ ከ2.1 ወደ 2.4 ስለወጣ ኢናላፕሪሉን አቆምን» ያልሽው ነው። ክሪያቲኒን ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ ነው፣ ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ይጨምራል፤ ኢናላፕሪል ደግሞ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ የኩላሊትን የማጣሪያ ግፊት ዝቅ ስለሚያደርግ መጀመሪያ ላይ ክሪያቲኒኑ ትንሽ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ጭማሪው እስከ 30 በመቶ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አያስቆምም፤ የአባትሽ 14 በመቶ ገደማ ነው። ይበልጥ የሚያሰጋው በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን ነው፣ ሲበዛ የልብ ምት ያዛባል። ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪማቸውን አማክሩ፣ ክሪያቲኒኑም ፖታሲየሙም አንድ ላይ ይለካ፤ መድኃኒቱ እንደገና ከተጀመረ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ምርመራው ይደገም። ለመገጣጠሚያ ሕመም ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ፈጽሞ አይውሰዱ። ከኢናላፕሪልና ውሃ በሽንት ከሚያስወጣው ከላሲክስ ጋር ሲገጥሙ ኩላሊትን በቀናት ውስጥ ሊጥሉት ይችላሉ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛቸውም ለሐኪማቸው ወዲያው ደውሉ።

ሚዛን ግዙ፣ እለምንሻለሁ። ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ይመዘኑና በደብተር ይጻፍ። በ3 ቀን 2 ኪሎ ከጨመሩ ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው፤ እግር እስኪያብጥ ሳትጠብቁ የላሲክሱን መጠን እንዲያስተካክሉላቸው አሳዩ።

ጨው በቀን ከ5 ግራም አይለፍ፤ ልሙጥ አንድ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው፣ ሁሉም ተደምሮ። በርበሬና ሽሮ ጨው ገብቶባቸው ስለሚፈጩ ወጡ ላይ ባትጨምሩም ተበልቷል፤ ለእሳቸው ያለ ጨው ለብቻ አስፈጩ። ቡና በጨው የሚጠጡ ከሆነም ይቅር። ፖታሲየሙ ከፍ ካለ ሙዝ፣ አቮካዶና ተምር ይቀነስ፤ ድንች ተከትፎ በብዙ ውሃ ይቀቀል፣ ውሃው ይደፋ። ረመዳንን የሚጾሙ ከሆነ የመድኃኒቱን ሰዓት ቀደም ብላችሁ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት።

በጀርባ መተኛት ካቃታቸው፣ ሌሊት ትንፋሽ አጥሯቸው ከነቁ፣ ወይም ልባቸው እየዘለለ እግራቸው ከዛለ፣ ወደ ደሴ ሆስፒታል ዳገቱን ለመውጣት እስኪነጋ አትጠብቁ።