ባቫማ፣ ሻፋሊ እና ያልተጨባበጡት ጎረቤታሞች፦ የክሪኬት ጥያቄና መልስ

ድሬ ላይ ኳስ ከተባለ እግር ኳስ ነው። በርጫ ላይ አርሰናልና ማንቸስተር ካልተነሱ ወሬው አይሞቅም። ቢሆንም የክሪኬት ጥያቄ ይደርሰኛል፤ ያውም እየበዛ መጥቷል። አንዳንዶቻችሁ ዱባይና ጂዳ ስትሠሩ ከህንዶችና ከፓኪስታኖች ጋር እያያችሁ የለመዳችሁት ነው። ሌሎቻችሁ ደግሞ ቻናል ስትቀያይሩ ነጭ የለበሱ ሰዎች ሜዳ ላይ ቆመው አይታችሁ ግራ የገባችሁ ናችሁ። ለሁላችሁም የሚሆኑትን መርጫለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለአዲስ ገቢ በአጭሩ፦ ጨዋታው 11 ለ11 ነው። አንዱ ቡድን ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። መቺዎቹ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ሩጫ ይሰበስባሉ። አንድ መቺ ሲወጣ ዊኬት ወደቀ ይባላል። 6 ውርወራ አንድ ኦቨር ነው። ቲ20 ለእያንዳንዱ ቡድን 20 ኦቨር፣ የአንድ ቀን ጨዋታ 50 ኦቨር፣ ቴስት ደግሞ እስከ 5 ቀን፣ ሁለቱም ቡድኖች ሁለት ሁለት ዙር እየመቱ። አሁን ወደ ጥያቄዎቹ።

5 ቀን ሙሉ ተጫውተው አቻ የሚወጡበትን ነገር የትኛው ጤነኛ ሰው ነው ቁጭ ብሎ የሚያየው? (ባጃጅ ሹፌር፣ ሳቢያን)

አቦ፣ ጥያቄህ ስድብም አለበት። ግን እኔም ከጠዋት እስከ ማታ ቁጭ ብዬ አላየውም። ሥራህን እየሠራህ ውጤቱን በስልክ ትከታተላለህ፤ ሲሞቅ ትከፍተዋለህ። ለባጃጅ ሹፌር ከዚህ የተመቸ ጨዋታ የለም።

ሲሞቅ ምን እንደሚመስል ልንገርህ። ጁን 2025፣ ለንደን፣ ሎርድስ ሜዳ። የዓለም ቴስት ሻምፒዮና ፍጻሜ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ከአውስትራሊያ። ደቡብ አፍሪካ በመጀመሪያው ዙር 138 ላይ አልቆላታል። በሁለተኛው ዙር ለማሸነፍ 282 ያስፈልጋታል። 70 ላይ ሁለተኛው ዊኬት ወደቀና ካፒቴኑ ቴምባ ባቫማ ገባ። ብዙም ሳይቆይ የታፋው ጡንቻ ያዘው። በሻይ ዕረፍት ይውጣ አይውጣ ተመከረ። እሱ እቀጥላለሁ አለ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷን ሩጫ እያነከሰ ነው የሮጣት። ከኤይደን ማርክራም ጋር ሆነው 147 ጨመሩ። ባቫማ 66፣ ማርክራም 136። ማርክራም የወጣው 6 ሩጫ ብቻ ሲቀር ነው። ያኔ ደቡብ አፍሪካን የሚያውቅ ሁሉ ልቡ ቆሞ ነበር።

ለምን ብትል፣ እነዚህ ሰዎች አፋፍ ላይ ደርሰው መውደቅ ልማዳቸው ነው። በ1999ኙ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ከአውስትራሊያ ጋር ውጤቱ እኩል ሆኖ፣ የመጨረሻው መቺ ሲሮጥ ተይዞ ቀሩ። በ2024ቱ የቲ20 ፍጻሜ ህንድን ለማሸነፍ በ30 ውርወራ 30 ሩጫ ነበር የቀራቸው፤ 6 ዊኬትም በእጃቸው ነበር። በ7 ሩጫ ተሸነፉ። ሎርድስ ላይ ግን በአራተኛው ቀን ጨረሱት። ከ1998 ወዲህ ያገኙት የመጀመሪያው ትልቅ ዋንጫ ነው። ባቫማ ደግሞ ለደቡብ አፍሪካ በቴስት 100 ሩጫ በማስቆጠር የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ነው። የጥቁሮች ኮታ ነው ያስገባው ሲሉት የኖሩ ሰዎች ያን ቀን የት እንደዋሉ እንጃ።

እሺ፣ በ2 ቀን ያለቀውስ? (ይኸው ሰው)

ፐርዝ ማለትህ ነው። ኖቬምበር 2025፣ አውስትራሊያ ከእንግሊዝ፣ አሽስ የሚባለው የሁለቱ አገሮች የቆየ የቴስት ፉክክር የመጀመሪያ ጨዋታ። ሚቸል ስታርክ በመጀመሪያው ዙር 7 ዊኬት ጣለ። በሁለተኛው ቀን ትራቪስ ሄድ በ83 ውርወራ 123 መትቶ ነገሩን ዘጋው። ለተመልካች ግሩም ነበር። ለሦስተኛና ለአራተኛ ቀን ቲኬት ለቆረጠ ሰው ግን ኪሳራ ነው።

ህንድ የሴቶች ዋንጫ ስትወስድ ገንዘቡ ከወንዶቹ በልጧል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ወይስ ለወሬ ነው? (ተማሪ፣ ሐረር)

እህቴ፣ ሽልማቱን በተመለከተ እውነት ነው። ለ2025ቱ የሴቶች ዓለም ዋንጫ የተመደበው በአጠቃላይ 13.88 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለአሸናፊው 4.48 ሚሊዮን። የ2023ቱ የወንዶች ዓለም ዋንጫ በአጠቃላይ 10 ሚሊዮን፣ ለአሸናፊው 4 ሚሊዮን ነበር። ሴቶቹ በ2022 በጠቅላላው ያገኙት 3.5 ሚሊዮን ብቻ እንደነበር ስታስቢ ዝላዩ ይገባሻል።

ዓመታዊ ደመወዝ ላይ ስትደርሺ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የህንድ ክሪኬት ቦርድ ከ2022 ጀምሮ ለሴትም ለወንድም በየጨዋታው እኩል ይከፍላል። ለዚህ ይመስገን። በ2024-25 ውል ግን የአንደኛ ደረጃ ወንድ ተጫዋች በዓመት 70 ሚሊዮን ሩፒ ሲያገኝ፣ የሴቶቹ ከፍተኛ 5 ሚሊዮን ነበር። 14 እጥፍ! ሴቶቹ የሚጫወቱት ጨዋታም ያነሰ ስለሆነ፣ በየጨዋታው እኩል መክፈል ብቻውን ክፍተቱን አይሞላም።

ስለ ጨዋታው አልጠየቅሽም፤ እኔ ግን አላልፈውም። በዚያ ዓመት ካየኋቸው ፍጻሜዎች፣ የወንዶቹንም ጨምሮ፣ ከሎርድሱ ቀጥሎ የማስቀምጠው ይህን ነው። ሻፋሊ ቨርማ መጀመሪያ ከቡድኑ ውጭ ነበረች። ፕራቲካ ራዋል ስትጎዳ ለግማሽ ፍጻሜው ተጠራች። ልጅ እያለች ሴት አናጫውትም ሲሏት ጸጉሯን ተቆርጣ ወንድ መስላ የተጫወተች ናት። በፍጻሜው 87 መታች፤ በዚያ ላይ የምር ወርዋሪ ሳትሆን ኳስ ሰጧትና 2 ዊኬት ጣለች። ዲፕቲ ሻርማ 58 መትታ 5 ዊኬት ወሰደች። ህንድ 298 አስመዘገበች፣ ደቡብ አፍሪካ 246 ላይ አለቀላት።

አንድ ነገር ግን ከዓይኔ አልጠፋም። የደቡብ አፍሪካ ካፒቴን ላውራ ዎልቫርት 101 ላይ ሆና ኳሷን ወደ ሰማይ ላከቻት። አማንጆት ካውር ከስር ሮጣ ደረሰች። አንዴ ከእጇ አመለጠቻት፣ ደግማ አመለጠቻት፣ በሦስተኛው ልትወድቅ ስትል በአንድ እጇ ያዘቻት፤ ዎልቫርት ወጣች። ዋንጫው እዚያች ላይ ነው የተወሰነው። የደቡብ አፍሪካ ደጋፊ ስለሆንኩ ደስ ብሎኝ የማወራው እንዳይመስልሽ።

ህንድና ፓኪስታን ተጫውተው እጅ እንኳ አልተጨባበጡም አሉ። ይህ ምን ዓይነት ጨዋነት ነው? (የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ ከዚራ)

ጋሼ፣ ልክ ሰምተዋል። ሴፕቴምበር 2025፣ የእስያ ዋንጫ፣ ዱባይ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ፓሃልጋም በተባለ የካሽሚር ቦታ 26 ሰዎች ተገድለው ነበር። በሜይ ሁለቱ አገሮች ለጥቂት ቀናት ተታኮሱ። ከዚያ በኋላ ሲገናኙ የህንዱ ካፒቴን ሱሪያኩማር ያዳቭ ከጨዋታው በፊትም በኋላም እጅ አልዘረጋም። በዚያው ውድድር ሦስት ጊዜ ተጋጥመው ህንድ ሦስቱንም አሸነፈች። ፍጻሜውን ካሸነፉ በኋላ ደግሞ ዋንጫውን ከሞህሲን ናቅቪ እጅ አንቀበልም አሉ። ሰውየው የእስያ ክሪኬት ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ናቸው። የፓኪስታን ክሪኬት ቦርድ ኃላፊም ናቸው። በዚያ ላይ የአገር ውስጥ ሚኒስትር! ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ዋንጫ የያዙ መስለው ጨፈሩ።

ሀዘኑን እረዳለሁ። የሞተው ሰው ነው። ግን መንግሥት ጨዋታውን ፈቅዶ፣ ቴሌቪዥን ገንዘቡን ሰብስቦ፣ ተጫዋቹ እጁን እንዲነፍግ ማድረግ ለእኔ አይዋጥልኝም። አትጫወት፣ ወይም ተጫውተህ ጨብጥ። ደግሞ የአንድ ወገን ጥፋት ብቻ አድርገው አይዩት። የዓለም ክሪኬት ምክር ቤት ሊቀመንበር ጄይ ሻህ የህንዱ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ልጅ ናቸው። ከምክር ቤቱ ገቢ 38.5 በመቶው የህንድ ድርሻ ነው። በ2025ቱ የቻምፒዮንስ ዋንጫ አስተናጋጇ ፓኪስታን ሆና ሳለ ህንድ ጨዋታዎቿን በሙሉ ዱባይ ላይ ነበር ያደረገችው። ገንዘብ ያለው ሜዳውንም ይመርጣል። ኬንያዎቹ፣ ኡጋንዳዎቹ እንዲህ ልምረጥ ቢሉ ማን ይሰማቸዋል?

የአፍጋኒስታን ሴቶች ለምን አይጫወቱም? ወንዶቹን እኮ ሁሌ አያቸዋለሁ። (የልጆች እናት፣ መጋላ)

እናቴ፣ ታሊባን ስለከለከላቸው ነው። በ2020 የአገሪቱ ክሪኬት ቦርድ 25 ሴቶችን በውል ይዞ ነበር። በኦገስት 2021 ታሊባን ካቡል ሲገባ ልጆቹ ሸሹ፤ አብዛኞቹ አውስትራሊያ ገቡ። በጃንዋሪ 2025 ሜልበርን ላይ ተሰባስበው አንድ ጨዋታ ተጫወቱ። ከስደት በኋላ አብረው ሲሰለፉ የመጀመሪያቸው ነበር።

በዓለም ክሪኬት ምክር ቤት ደንብ ሙሉ አባል አገር የሴቶች ቡድን ሊኖረው ይገባል። አፍጋኒስታን ከ2017 ጀምሮ ሙሉ አባል ናት፣ ሴት ቡድን የላትም፣ ማንም አልነካትም። ከ160 በላይ የእንግሊዝ ፖለቲከኞች ቡድናቸው ከአፍጋኒስታን ጋር እንዳይጫወት ጠይቀው ነበር። እንግሊዝ ተጫወተች፤ ላሆር ላይም በ8 ሩጫ ተሸነፈች።

ወንዶቹ ይታገዱ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የወንዶቹ ኮከብ ራሺድ ካን ሴቶች የሕክምና ትምህርት ሲከለከሉ በአደባባይ ተቃውሟል፤ ቤተሰብ ላለው ሰው ይህ ቀላል አይደለም። እሱን ማገድ ታሊባንን አይቆነጥጠውም። ከቦርዱ ድርሻ ላይ ተቆርጦ ግን በቀጥታ ለተሰደዱት ሴቶች ይከፈል። ስማቸውንም ይዘው ይጫወቱ። ለዚህ የታሊባንን ፈቃድ መጠበቅ ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም።

ኮህሊ ጨርሶ ተወ እንዴ? (ከጂዳ ተመላሽ፣ አሸዋ)

የህንዱ ኮከብ መቺ ቪራት ኮህሊ ጨርሶ አልተወም። የብሔራዊ ቡድኑን ቲ20 በ2024 ተወ፤ ቴስትን ደግሞ ሜይ 2025 ላይ፣ 123 ጨዋታና 9,230 ሩጫ ይዞ። የቴስት ካፒቴኑ ሮሂት ሻርማ በ5 ቀን ቀድሞት ነበር። በቀጣዩ ወር ኮህሊ ከ2008 ጀምሮ ያልለቀቀው የባንጋሎር ክለብ የመጀመሪያውን የህንድ ሊግ ዋንጫ አገኘ። በማግስቱ በአቀባበሉ ግፊያ 11 ሰዎች ሞቱ። ደስታው አንድ ቀን እንኳ አልሞላም።

አንተ ጂዳ ስለነበርክ፣ የዚያ ዓመት ሊግ የተጫዋቾች ጨረታ የተካሄደው እዚያው ጂዳ ነው። ሪሻብ ፓንት በ270 ሚሊዮን ሩፒ ተሸጠ።

ዝናብ ሲጥል ውጤቱን በምን ያሰሉታል? (ስም የሌለው መልእክት)

የቀሩትን ኦቨሮችና የቀሩትን ዊኬቶች አይቶ አዲስ ዒላማ የሚያወጣ ቀመር አለ፤ ደክወርዝ-ሉዊስ-ስተርን ይባላል። ሒሳቡን ተወው፣ ኮምፒውተር ነው የሚሠራው። ከቀመሩ በፊት የነበረውን ብታይ ግን ታመሰግነዋለህ። በ1992 ግማሽ ፍጻሜ ደቡብ አፍሪካ በ13 ውርወራ 22 ያስፈልጋት ነበር። ዘነበ። ሲመለሱ በአንድ ውርወራ 21 ሆኖ ጠበቃቸው። አዎ፣ አሁንም ደቡብ አፍሪካ!

እኛ አፍሪካውያን ከደቡብ አፍሪካ ሌላ የለንም ማለት ነው? ኦሎምፒክስ ይገባል ይባላል፣ ተስፋ አለ? (መምህር፣ ለገሀሬ)

መምህር፣ አለን እንጂ። ኬንያ በ2003 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወረደች። ናሚቢያ በኦክቶበር 2025 ዊንድሆክ ላይ አዲስ ሜዳዋን ስትመርቅ ደቡብ አፍሪካን በመጨረሻው ውርወራ አሸንፋለች። ኡጋንዳ በ2024 የቲ20 ዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብታ ፓፑዋ ኒው ጊኒን ረታች። ያን ቀን የ43 ዓመቱ ፍራንክ ንሱቡጋ 4 ኦቨር ወርውሮ የሰጠው 4 ሩጫ ብቻ ነው፤ 2 ዊኬትም ወሰደ። በእርግጥ በዚያው ውድድር ዌስት ኢንዲስ ኡጋንዳን 39 ሩጫ ላይ ጠርጋታለች።

እኔን ይበልጥ የሚያስደስቱኝ ሴቶቹ ናቸው። የሩዋንዳ ከ19 ዓመት በታች ልጆች በ2023 ዚምባብዌንና ዌስት ኢንዲስን አሸነፉ። በዚምባብዌው ጨዋታ ሄንሪየት ኢሺምዌ በተከታታይ 4 ውርወራ 4 ዊኬት ጣለች። የናይጄሪያ ልጆች በ2025 ኒውዚላንድን በ2 ሩጫ ረቱ። ሩዋንዳ ይህን ያደረገችው በተአምር አይደለም። በ2017 ኪጋሊ አጠገብ ጋሃንጋ ላይ ደህና ሜዳ ከፈተች፤ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ አገኙ።

ኦሎምፒክስ ላይ ግን ብዙ አልጠብቅም። ሎስ አንጀለስ 2028 ላይ ክሪኬት ከ1900 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመለሳል። የሚገቡት በወንድም በሴትም 6፣ 6 ቡድን ብቻ ናቸው። ከአፍሪካ ከአንድ በላይ መግባቱ ያጠራጥረኛል። ዓለም አቀፍ ጨዋታ ነው እያሉ በሩን ይህን ያህል ማጥበብ ቁጥቁጥነት ነው።

ለተማሪዎችዎ የሚሻለው 2027 ነው። የወንዶቹ የ50 ኦቨር ዓለም ዋንጫ በኦክቶበርና ኖቬምበር ደቡብ አፍሪካ፣ ዚምባብዌና ናሚቢያ ላይ ይካሄዳል። ሰዓቱ ከእኛ የሚለየው በአንድ ሰዓት ብቻ ስለሆነ እንቅልፍ አያስነሳም። ናሚቢያ አስተናጋጅ ብትሆንም ማጣሪያውን ማለፍ አለባት። መጀመሪያ እሱን ተከታተሉ።