ከሥጋው በፊት ከሰሉን

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አምስት ቤተሰብ ናችሁ፣ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትኖራላችሁ፣ ቤታችሁ የሚበላው ነገር አካባቢን እንዳይጎዳ ትፈልጊያለሽ። ያገኘሽው ምክር ሁሉ ግን «ሥጋ ተዉ፣ የአጃ ወተት ግዙ፣ ኦርጋኒክ ብቻ ብሉ» የሚል ነው። ከየት ልጀምር ነው ያልሽው። እኔም ቤቴ ውስጥ ለዓመታት ስሞክረው የቆየሁት ጉዳይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ያ ምክር የተጻፈው በየቀኑ ሥጋ ለሚበላ ቤት ነው። የእኛ አገር አብዛኛው ቤት እንደዚያ አይደለም። ረቡዕና አርብ፣ የሁዳዴው 55 ቀን፣ ነቢያት፣ ፍልሰታ እያለ ጾመኛ ቤት የዓመቱን ግማሽ ገደማ ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ ያሳልፋል። የማይጾመውም ቢሆን በዚህ ኑሮ ውድነት ሽሮና ምስር ነው የሚያዘወትረው። ስለዚህ በእኔ እምነት የእኛ ትልቁ ጉዳት ያለው ከድስቱ ሥር ነው። ምን እንደምናበስል ከመጨነቃችን በፊት በምን እንደምናበስል እንይ።

ከሰሉን ተመልከቺ። እንጨቱ አፈር ለብሶ በባህላዊ መንገድ ሲከስል፣ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይፈጃል። ጉልበቱ እዚያው ጉድጓዱ ላይ ጭስ ሆኖ ይጠፋል። በስምጥ ሸለቆ በኩል የተጓዘ ሰው መንገድ ዳር የተደረደረውን ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል ያውቀዋል። ግራር ነው። ግራር ተቆርጦ ቶሎ አይተካም። እርግጥ ሁሉም ከሰል አንድ አይደለም። ከአማራ ክልል ከአዊ ዞን የሚመጣው ገበሬው ራሱ ከተከለው ዲከረንስ ከሚባል ዛፍ የተሠራ ነው፤ በጥቂት ዓመት ደርሶ ይቆረጣል፣ መሬቱ ደግሞ ተመልሶ ጤፍ ይዘራበታል። ከሰል መግዛት ግድ ከሆነብሽ ነጋዴውን ከየት እንደመጣ ጠይቂው። ብዙዎቹ ያውቃሉ፣ ይነግሩሻል።

ከተቻለ ግን በመብራት አብስሉ። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው የሚመነጨው። በጳጉሜ 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ተጨምሮበታል። ከሰል ወይም ጋዝ አቃጥሎ መብራት በሚያመነጭ አገር ያለ ሰው ይህ ዕድል የለውም። በኤሌክትሪክ ምጣድ የተጋገረ እንጀራ ከዛፍም ከጭስም የራቀ ነው። ምጣዱ ብዙ መብራት እንደሚበላ አውቃለሁ። ለዚህ እኔ የማደርገው ሊጡን አጠራቅሜ ባንዴ መጋገር ነው። ምጣዱ መጀመሪያ እስኪግል ብዙ መብራት ይበላል። ከጎረቤቴ ጋር ደግሞ ተራ ይዘን፣ እሷ ስትጨርስ ምጣዱ ሳይበርድ እኔ እቀጥላለሁ። ሂሳቡን እንካፈላለን፣ ወሬያችንንም እዚያው እንጨርሳለን። መብራት ለሚጠፋበት ቀን ላቀች ምድጃ ያዢ፤ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ያነሰ ከሰል ነው የምትበላው። ክፍለ ሀገር በእንጨት የሚጋግሩ እናት ካሉሽ «ምርጥ» የሚባለውን እንጨት ቆጣቢ ምድጃ ግዢላቸው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እንጨቱን ወደ ግማሽ ይቀንሳል፣ ዓይናቸውንም ከጭስ ያሳርፋል።

አበሳሰል ላይም ብዙ ማዳን ይቻላል። ባቄላ፣ ቦሎቄና ሽምብራ ማታ ውሃ ውስጥ ይደሩ። ጠዋት በፕሬዠር ከበሰሉ እሳቱ በጣም ያጥራል። ጋዙንም መብራቱንም የሚጨርሰው ቁሌት ነው። ስለዚህ ለሳምንቱ የሚሆነውን ሽንኩርት ባንዴ አቁላዪና ከፋፍለሽ ፍሪጅ አስገቢው። ከዚያ በኋላ የየቀኑ ወጥ የአጭር ጊዜ ሥራ ነው። ሽሮ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ስለሚቀመጥ ቶሎ ይበስላል። ሽምብራውም ቢሆን በአብዛኛው ክረምቱ ካለፈ በኋላ መሬት ውስጥ በቀረው እርጥበት ነው የሚበቅለው፤ መስኖ አይጠይቅም፣ ሥሩም ናይትሮጅን ይዞ አፈሩን ያዳብራል። ልጆችሽ «ዛሬም ሽሮ?» ሲሉሽ ይህን ንገሪያቸው። የእኔዎቹ ስለ ሥሩ ሲሰሙ በጣም ነው የገረማቸው።

ቀጥሎ የሚጣለው ምግብ። ይሄ እኔን በጣም ያሳስበኛል። እንጀራ በሦስትና በአራት ቀን ይሻግታል፤ ትኩሱን ፌስታል ውስጥ ከዘጋሽበት ከዚያም በፊት። በደንብ በርዶ፣ በሰፌድ ወይም በሞሶብ አየር እያገኘ ይቀመጥ። ሊያልፍበት ነው ስትዪ ሳይሻግት ቀድመሽ ቆራርሰሽ ፀሐይ ላይ አስጪው። ድርቆሽ ከሆነ ለወራት ይቀመጣል። ለልጆች ምሳ ዕቃ የድርቆሽ ፍርፍር ከስልስ ጋር በጣም ይሆናል። ለስልሱ እኔ አመሻሽ ላይ ጉልት ወርጄ የለሰለሰ ቲማቲም እገዛለሁ። ሻጯ ካልሸጠችው ጠዋት የምትደፋው ነው። ዋጋውም ይቀንሳል፣ እሷም ባዶ እጇን አትገባም።

ቆሻሻ የሚሆነው ወዴት እንደሚሄድ አስቢ። ቆሼን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሞቶበታል። የከተማችን ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነገር ነው፤ ልጣጭ፣ ቅጠል፣ ትራፊ። አየር ሳያገኝ ተደፍኖ ሲበሰብስ ሚቴን ይወጣዋል። ሚቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዙ እጥፍ ከባቢ አየርን ያሞቃል። ኮንዶሚኒየም ላይ ጉድጓድ መቆፈር ባይቻልም ልጣጩን ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላል። በየሰፈሩ በግ ወይም ላም የሚያረባ ሰው አይጠፋም። አተላ የሚሰበስቡትንም ጠይቂ። የእኛን ልጣጭ የሚወስዱት ጎረቤታችን በጋቸውን ያሳደጉት በእሱ ነው ማለት ይቻላል።

ዘይትን ሳልነካ አላልፍም። ያ በጀሪካን የምንገዛው የሚረጋ ዘይት ፓልም ነው። ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ነው የሚመጣው። እዚያ ደግሞ ለፓልም እርሻ ሲባል ሰፊ ጫካ ተመንጥሯል። የእኛው ኑግና ሱፍ እያለ ይህን መብላታችን ያሳዝነኛል። የኑግ ዘይት ዋጋ እንደማይቀመስ አውቃለሁ። እኔ መጠኑን ቀነስኩና ዓይነቱን ቀየርኩ። ሽንኩርቱን እንደ ዶሮ ወጥ መጀመሪያ ያለ ዘይት ማብሰል፣ ዘይቱን መጨረሻ አካባቢ ማስገባት። ከለመዳችሁት ባነሰ ዘይት ወጡ ያው ነው። ከመጭመቂያው ቤት ሄደሽ ሲጨመቅ እያየሽ ከገዛሽ ደግሞ ያልተቀላቀለ መሆኑን ታውቂያለሽ። ተረፈ ምርቱ ፋጉሎም ለከብት መኖ ይሆናል፤ የሚጣል የለውም።

አሁን ወደ ሥጋው። በኪሎ ሲወዳደር የበሬ ሥጋ ከጥራጥሬ በብዙ አስር እጥፍ የሚበልጥ የሙቀት አማቂ ጋዝ ጫና አለው፤ ዋናው ምክንያት ከብቱ ሲያመሰኳ የሚወጣው ሚቴን ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ጥብስና ክትፎ የሚበላ ቤት ከሆናችሁ እሱን መቀነስ ትልቅ ነገር ነው። ከበሬ ወደ ዶሮና እንቁላል መሄድ ራሱ ለውጥ አለው። የበዓል ቅርጫን ግን አትንኪው። አንድ በሬ ለብዙ ቤት ተከፋፍሎ፣ ዱለቱም ምላስ ሰንበሩም ቅልጥሙም ተበልቶ የሚያልቅበት ሥርዓት ነው። እኔን የሚያናድደኝ ቆዳው ነው። ዋጋው ስለወደቀ በበዓል ማግስት የበግ ቆዳ መንገድ ዳር ተጥሎ ይሸታል። እኛ አጎዛ እናስለፋዋለን። የሚያለፋ ሰው ማግኘት ያደክማል፣ ግን አለ።

ስለ አጃ ወተቱ፦ ተዪው። በመርከብ መጥቶ በካርቶን ታሽጎ የሚሸጥ ውድ ዕቃ ነው። ወተት ከፈለጋችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ሰፈር ካለው ወተት አከፋፋይ ቅዱና አፍልታችሁ ጠጡ። በጾም የሱፍ ውሃና ተልባ አለላችሁ። «ኦርጋኒክ» የሚል ጽሑፍ ላለበት የሱፐርማርኬት ዕቃም ተጨማሪ ብር አታውጪ። በዚያ ብር ዘንቢል ግዢና በወቅቱ የደረሰውን ከጉልት ሸምቺ። ጎመን ደግሞ በረንዳ ላይ በባልዲ ይበቅላል፤ ከታች ከታች ቅጠሉን እየቀነጠብሽ ለረጅም ጊዜ ትበይዋለሽ። ዘር ካጣሽ ጻፊልኝ፣ እኔ ጋ አለ።