ደግመህ አትላከው፤ በቁጥሩ ጠይቅ

ሰላም ወንድሜ። ከደብረ ማርቆስ የጻፍከውን አይቼዋለሁ። የሠርግ ቪዲዮ በቻት ረዳት (በኤአይ) በኩል ለአንድ የኤዲቲንግ አገልግሎት ልከሃል። ረዳቱ «ተልኳል» ብሎ ረጅም መለያ ቁጥር ሰጠህ። ከዚያ መብራት ጠፋ። ስትመለስ «አለቀ?» ብትለው አንዴ «ገና ነው» ይልሃል፣ አንዴ «ሳያልቅ አይቀርም»። ደግሜ ልላከው ወይ ብለህ ጠይቀሃል።

አትላከው። እኔ ባሕር ዳር ይህንኑ ሥራ ነው የምሠራው። ጥር ገብቶ ሠርግ ሲደራረብ፣ ጾም ሳይገባ ሁሉም ቪዲዮውን ሲፈልግ፣ ይህ ጥያቄ ከእጄ አይወጣም። ደግመህ ከላክህ አብዛኛው አገልግሎት እንደ አዲስ ሥራ ይቀበለዋል። ሁለት ሥራ ይሆናል፤ ሂሳቡም ሁለት ጊዜ ይቆረጣል። ያን ትልቅ ፋይል እንደገና አፕሎድ ለማድረግ የሚያልቀው ዳታና ሌሊትም አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪዲዮ መቁረጥና መቀጠል ጊዜ ስለሚወስድ ሰርቨሩ (የአገልግሎቱ ኮምፒውተር) አንተን መስመር ላይ አያስጠብቅህም። ጥያቄህን ይቀበላል፣ ቁጥር ይሰጥሃል፣ ሥራውን ወረፋ ያስገባዋል። ብዙ ጊዜ በዚህ ሰዓት የሚመልሰው ኮድ 202 ነው። ተቀብያለሁ ማለት እንጂ ጨርሻለሁ ማለት አይደለም። እህል ወፍጮ ቤት አስገብተህ ተራህን እንደመያዝ ነው፤ ስለዘገየ ሌላ ኩንታል አትጨምርም። አፕሎዱ ካለቀ በኋላ ያንተ ቤት መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቋረጥም። የሚሠራው እዚያ ነው።

ስለዚህ ትልቁ ነገር ቁጥሩ ነው። ከቻቱ ኮፒ አድርገህ ሌላ ቦታ አስቀምጠው። እኔ የደንበኛውን ስም፣ ቁጥሩንና የላክሁበትን ሰዓት ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ቻቱ ሲረዝም ወይም አዲስ ስትከፍት ረዳቱ የቀድሞውን ቁጥር ላያገኘው ይችላል።

አሁን ወደ «ሳያልቅ አይቀርም» እንምጣ። ይህ መልስ ግምት ነው፤ አትመነው። ረዳቱ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ነገር በራሱ አያየውም። የሚያውቀው የሁኔታ መጠየቂያውን መሣሪያ፣ ማለትም ከአገልግሎቱ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ ሲጠራ ብቻ ነው። አንተ ዝም ስትልም ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል እንጂ ሥራውን አይከታተልልህም። ስለዚህ በግልጽ እዘዘው፦ «በዚህ ቁጥር ሁኔታውን በመሣሪያው አሁን ጠይቅ። የመጣልህን መልስ ሳትቀይር አሳየኝ።» መሣሪያውን በትክክል መጥራቱንም እይ፤ ብዙዎቹ ቻቱ ላይ ያሳያሉ።

የሚመጣው ቃል እንደ አገልግሎቱ ይለያያል። የጎግል የቪዲዮ መቀየሪያ ትራንስኮደር «ፔንዲንግ» (ወረፋ ላይ)፣ «ራኒንግ» (እየተሠራ)፣ «ሰክሲድድ» (ተሳክቷል) ወይም «ፌይልድ» (ወድቋል) ይላል። ተመሳሳዩ የአማዞን ሚዲያኮንቨርት ደግሞ «ሰብሚትድ» (ገብቷል)፣ «ፕሮግረሲንግ» (እየተሠራ)፣ «ኮምፕሊት» (አልቋል)፣ «ካንስልድ» (ተሰርዟል) ወይም «ኤረር» (ወድቋል) ይላል። ዋናው ነገር ወረፋ ላይ ያለውን፣ እየተሠራ ያለውንና የወደቀውን መለየት ነው። ፐርሰንት የሚያሳይ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ስለቆመ አትደንግጥ። እኩል እየዘለለ አይሄድም።

በየሰከንዱም አትጠይቅ። 429 የሚል ኮድ ከመጣ ጥያቄ አበዛህ ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ 30 ሰከንድ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ 1 ደቂቃ፣ 2፣ 4 እያልኩ አራዝመዋለሁ። መልሱ ራሱ «ከዚህን ያህል ሰከንድ በኋላ ተመለስ» ካለ እሱን ስማ። ሲያልቅ ራሱ የሚያሳውቅ ዌብሁክ የሚባል መንገድም አለ። ግን ሁልጊዜ ክፍት የሆነ የኢንተርኔት አድራሻ ይፈልጋል፤ መብራት እየሄደ ለሚመጣበት የቤት ኮምፒውተር አይመችም።

የኔትወርክ መቋረጥና የሥራ መውደቅ አንድ አይደሉም። ስትጠይቅ መስመሩ ከተቋረጠ የወደቀው ጥያቄህ ነው፤ ሥራው ሊቀጥል ይችላል። ቆይተህ በዚያው ቁጥር ጠይቅ። 404 ካለህ ቁጥሩ ሳይጎድል መገልበጡንና በላክህበት አካውንት መግባትህን አረጋግጥ። 401 ከሆነ ችግሩ አገልግሎቱ አንተን የሚያውቅበት የመግቢያ ቁልፍ ላይ ነው። ደግመህ የምትልከው «ፌይልድ» ወይም «ኤረር» ሲል ብቻ ነው፤ ያውም ምክንያቱን አንብበህ። ቪዲዮውን በድራይቭ ሊንክ ልከህ ከሆነ፣ ሊንኩ ለሌላ ሰው ክፍት ካልሆነ ሰርቨሩ ፋይሉን አያገኘውም። ያን ሳታስተካክል ብትደግመው ያው ነው የሚሆነው። አንዳንድ አገልግሎት ደግሞ ስትልክ የራስህን መለያ እንድትጨምር ይፈቅዳል፤ ያው መለያ ሁለት ጊዜ ቢደርሰው ሥራውን አይደግመውም። ያንተው ካለው ተጠቀምበት።

ሲያልቅ ወዲያው ዳውንሎድ አድርግ። ሊንኩ ጊዜ አለው። በአማዞን የፋይል ማስቀመጫ ኤስ3 ላይ በዲጂታል ፊርማ የሚሰጥ ሊንክ ቢበዛ 7 ቀን ነው፤ ከዚያ በጣም የሚያጥርም ሞልቷል። ካለፈበት በቁጥሩ ሁኔታውን እንደገና ጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ አዲስ ሊንክ ይሰጣል። ከዚያ ርዝመቱን ከጠበቅኸው ጋር አስተያይ። መጨረሻውን ከፍተህ ድምፁና ከንፈሩ መግጠማቸውን እይ። «ኮምፕሊት» ማለቱ ማሽኑ ጨረሰ ማለት ነው፤ ሙሽሮቹ ይወዱታል ማለት አይደለም። ደንበኛው ከሞጣ ወይም ከፍኖተ ሰላም ፍላሽ ይዞ የሚመጣው የልጁን የመልስ ድግስ ሊያይ ነው። እሱ ቀን ተመልሶ አይቀረጽም። ኦሪጅናሉን ይህ ሁሉ ሳይጣራ እንዳታጠፋው።

አሁኑኑ በቁጥሩ ጠይቅና የመጣልህን ቃል እዚሁ ጻፈው። «ፌይልድ» ወይም «ኤረር» ካለ ምክንያቱንም አብረህ ለጥፈው፤ አብረን እናየዋለን።