መልስ፦ ወሎ ዩኒቨርሲቲ (ደሴ) ሕክምናን ከሩቅ የሚመርጥ ለምን አነሰ?

የትምህርቱ ድክመት አይደለም እህቴ። «ትምህርቱ ጥሩ ከሆነ ደሴ ሕክምና ለመማር ከሐዋሳ፣ ከድሬዳዋ ለምን ብዙ ሰው አይሞላም?» ላልሽው ዋናው ምክንያት መንገድና ፍርሃት ነው።

ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የሐዋሳ ልጅ ደግሞ አዲስ አበባ ለመድረስም ገና መንገድ አለበት። በዚያ ላይ በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ደርሶ ነበር። ዩኒቨርሲቲውም ተዘርፏል። ወላጅ ይህን ቶሎ አይረሳም። መንገድ ተዘጋ የሚል ወሬ በሰማ ቁጥር ልጁን ምርጫ ያስቀይራል።

ሌላው ስም ነው። ጥቁር አንበሳ፣ ጎንደርና ጅማ ቀድመው የተተከሉ ናቸው። ተማሪ ደግሞ ታላቁ የሞላውን ነው የሚሞላው።

ቋንቋም አለ። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ይኬዳል፤ ዋርድ (በሽተኞች የተኙበት ክፍል) ስትገቢ ግን በሽተኛው በአማርኛ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመዎት?» ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ከከሚሴ የመጣው በሽተኛ ደግሞ ኦሮምኛ፣ ከአፋር የመጣው አፋርኛ ይናገራል። (እዚያ ላይ አማርኛ ብቻ የምናውቀውም ዲዳ ነን።)

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ የአመልካች ብዛት አይተሽ አትወስኚ። እኔ ስሙ የገነነ ቦታ ገብቼ፣ አንድ አልጋ ዙሪያ 10 ምናምን ሆነን ቆመን፣ በሽተኛውን ሳልነካ የወጣሁበት ቀን ብዙ ነው። ከመሙላትሽ በፊት የ4ኛ ወይም የ5ኛ ዓመት ተማሪ ፈልጊና «አንድ በሽተኛ ስንት ሆናችሁ ነው የምታዩት?» ብለሽ ጠይቂ።